የእሳት ራት የራሷ ራት

አማርኛችን ሌሊት ሌሊት መብራት የምትዞረውን በራሪ «የእሳት ራት» ይላታል። ስሟን ያገኘችው ከአሟሟቷ ነው። ኩራዝ ላይ ወድቃ ስትቃጠል አይተን ሰየምናት፤ ከየት እንደ መጣች፣ ምን በልታ እንዳደገች ግን ስሙ አይነግረንም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ ለእሳት ራት ከመሆኗ በፊት የራሷ ራት ምን ነበር?

ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ያደረገች ሴት ነበረች። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1647 በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደች። በዚያ ዘመን የተማረው ሰው ጭምር ትላትል ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር በራሳቸው ይፈጠራሉ ብሎ ያምን ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ የሥጋ ትል ከዝንብ እንቁላል እንደሚወጣ በሙከራ ያስረዳው በ1668 ነው። ሜሪያን ግን ገና በልጅነቷ የሐር ትል እያሳደገች ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለውን ጉዞ ትከታተል ነበር። የእንጀራ አባቷ የአበባ ሠዓሊ ስለነበር ሥዕልን ከእሱ ተማረች።

በ1679 ያሳተመችው መጽሐፍ ዛሬ ቀላል የሚመስል ነገር አደረገ። አባጨጓሬውን፣ በሽፋን ውስጥ የሚተኛበትን መልኩን፣ ክንፍ አውጥቶ የሚወጣውን በራሪና ምግብ የሆነውን ተክል በአንድ ገጽ ላይ አገናኛቸው።

ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ከባድ ፈተና የሚሆኑት ፈረንጆች በጭልፊት ስም የሚጠሯቸው የእሳት ራቶች ናቸው። በዓለም ላይ ከ1400 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ሲበሩ ፈጣን ናቸው፤ ብዙዎቹም አበባ ፊት አየር ላይ ቆመው በረጅም ምላሳቸው ይመጣሉ። አባጨጓሬያቸው አብዛኛውን ጊዜ ጅራቱ ላይ ቀንድ አለው፤ ጠግቦ ሲያድግ ከተክሉ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቅጠሉን ሲበላ ያየ ሰው በራሪዋን አያይም፤ በራሪዋን ያየም ቅጠሉን አያውቅም። የስኳር ድንች ቅጠል የሚበላው የአገራችን ቀንደኛ አባጨጓሬ የዚሁ ወገን ነው። ማሳውን ሲቆፍሩ የጀበና እጀታ የመሰለ ነገር ያለው ቡናማ ሽፋን ቢያገኙ፣ እጀታው የወደፊቷ በራሪ ምላስ ማኅደር ነው።

ሜሪያን በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ታናሽ ልጇን አስከትላ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ሱሪናም ተሻገረች። የሸንኮራ አገዳ ባለርስቶች ከስኳር ሌላ ነገር ትፈልጋለች ብለው ሣቁባት። ሕመም አስገድዷት በ1701 ተመለሰች፤ በ1705 ስድሳ ሥዕሎች ያሉትን ታላቅ መጽሐፏን አወጣች። ከነዚህ በአንዱ የካሳቫ ተክል፣ አባጨጓሬና የዚሁ የጭልፊቶቹ ወገን የሆነች በራሪ አሉ። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን አባጨጓሬውና በራሪዋ የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ያችን የመሰለች ትዕግሥተኛ ከተሳሳተች፣ አባጨጓሬን ከበራሪዋ ማዛመድ ምን ያህል አዳጋች እንደነበር እንረዳለን።

እኔን ከዚህ ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ጉድለት አለ። ጫካውን በመጥረቢያ እየመነጠሩ መንገድ የከፈቱላት ባሮች ነበሩ። የተክሎቹን ስምና ጥቅም ያስረዷት የአገሩ ተወላጆችና ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ናቸው። ባሪያ ሴቶች ልጆቻቸው በባርነት እንዳይወለዱ የአንድ ባለቀይና ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ፍሬ እየወሰዱ ፅንስ እንደሚያስወርዱ ራሳቸው እንደነገሯት ጽፋለች። ይህን መመስከሯ ያስመሰግናታል። የነገሯት ሴቶች ስም ግን በመጽሐፉ የለም። አብራት ወደ አምስተርዳም የተሻገረችውም የአገሩ ተወላጅ ሴት ስሟ አልተጻፈም።

በየአገራችን ቀበሌ የትኛው ትል የትኛውን ቅጠል እንደሚበላ፣ በየትኛው ወር ከአፈር እንደሚወጣ የሚያውቅ እረኛና ገበሬ ሞልቷል። እውቀቱ ከባለቤቱ ጋር እየተቀበረ ነው። ይህን ለመጻፍ የሚነሣ ወጣት ቢገኝ፣ ትዕግሥትን ከሜሪያን ይማር፤ ከትሉና ከቅጠሉ ስም ጎን ግን የነገረውንም ሰው ስም ያኑር።