የቮልስዋገን የፊት አክስል፦ ከቮልፍስቡርግ እስከ ሶማሌ ተራ

ስለ አሮጌ መኪና በተነሣ ቁጥር ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሞተሩ ያዘነብላል። ስንት ኪሎ ሜትር ሮጠ፣ ዘይት ይበላል ወይስ አይበላም፣ ፒስቶኑ ተቀይሯል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። በአገራችን ለረጅም ዘመን ያገለገለውን የቮልስዋገንን ታሪክ በጥሞና ለተመለከተ ሰው ግን የመኪናውን ዕድሜ ያስረዘመውም ያሳጠረውም ከሞተሩ ይልቅ የፊት አክስሉ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል። የዚህ መኪና ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ በጥቂት ሰዓት ወርዶ ሌላ ሊተካበት ይችላል። የፊት አክስሉም ከሻንሲው ራስ ጋር የታሰረው በአራት ቡሎን ነው። ልዩነቱ ያለው አክስሉ ከወረደ በኋላ በሚከተለው ሥራ ላይ ነው።

የአክስሉ ሐሳብ ከመኪናው ይቀድማል። በፈርዲናንድ ፖርሼ ይመራ የነበረው የሽቱትጋርት የንድፍ ቢሮ የጥምዘዛ ሞላን (ቶርሽን ባርን) የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። እስከዚያ ድረስ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ይሠራበት የነበረው ባሌስትራ ክብደት የሚሸከመው በመጉበጥ ነው። የጥምዘዛ ሞላ ግን አንደኛው ወገኑ እንዳይንቀሳቀስ ተይዞ ሌላው ሲጠመዘዝ በሚያሳየው ተቃውሞ ክብደቱን ይሸከማል፤ በቱቦ ውስጥ ስለሚቀመጥም ከአቧራና ከጭቃ የተጠበቀ ነው፣ ቦታም አይሻማም። ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የአውቶ ዩኒየን የእሽቅድምድም መኪና የፊት ጎማዎች ላይ ከዋለ በኋላ፣ በናዚ መንግሥት ትእዛዝ ለተነደፈው «የሕዝብ መኪና» ተወሰደ። የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1938 ተጣለ፤ ይሁን እንጂ ጦርነቱ ስለ ደረሰ ፋብሪካው በግዳጅ በተሰበሰቡ ሠራተኞች ጉልበት ለሠራዊቱ ሲያመርት ከረመ። ለሕዝብ የሚሸጠው መኪና በብዛት መውጣት የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ፣ በመጀመሪያ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር፣ ከ1948 ወዲህ ደግሞ በሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ሥራ አስኪያጅነት ነው።

አሠራሩን በቅርብ መመልከት ይገባል፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። ሁለት ቱቦዎች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በመኪናው አግድም ይዘረጋሉ። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ስስ የብረት ቅጠሎች በአንድነት ታስረው ከዳር እስከ ዳር ያልፋሉ። ቅጠሎቹ ወገባቸው ላይ ከቱቦው ጋር በቪቴ ስለሚያዙ የግራው ግማሽ ለግራ ጎማ፣ የቀኙ ግማሽ ለቀኝ ጎማ ለየብቻ ይሠራል። በቱቦዎቹ ጫፍ ወደ ኋላ የዞሩ ክንዶች ይገኛሉ። እነዚህም ጎማውን ከተሸከመው አካል ጋር ላይና ታች በሁለት አግዳሚ ፒኖች፣ ማለትም በሊንክ ፒኖች፣ ይገናኛሉ። መሪው ሲዞር ጎማው የሚሽከረከርበት ደግሞ በቁም የተተከለው ኪንግ ፒን ነው። ፒኖቹ ሁሉ የሚቀመጡት በቦኮላ ውስጥ ሲሆን በግሪስ ይለሰልሳሉ። በሊንክ ፒኖቹ ዙሪያ የሚደረደሩት ስስ ቀለበቶች (ሺሞች) አደራደራቸው ሲለዋወጥ የጎማው የጎን ዘንበልታ ይለወጣል። ፒኑን ጨብጦ የሚይዘው ቡሎን የሚያልፍበት ቦይ ጠመዝማዛ ስለሆነም፣ ቡሎኑን አላልቶ ፒኑን ጥቂት በማዞር በአገልግሎት ብዛት የተፈጠረውን ክፍተት መዝጋት ይቻላል።

በአጭሩ፣ መበላት የማይቀርለት ነገር ሁሉ ተለይቶ ከሚበላበት ቦታ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠርቷል። ዋናው ክንድ አይበላም፤ የሚበላው ቦኮላው ነው። ቦኮላ ደግሞ ቶርኖ ባለበት አገር ሁሉ ሊሠራ ይችላል።

ቶርኖው በአገራችን ነበር። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ከከባድ መኪናዎቹና ከጋራዦቹ ጋር የገባው የሥራ ቋንቋ ወራሪው ከወጣ በኋላም በመካኒኮቻችን አፍ ቀርቷል፤ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ክሪክ የሚሉት ስሞች ዛሬም አማርኛ ሆነው ይነገራሉ። በዚህም ምክንያት በጀርመን አገር የተነደፈ መኪና በአዲስ አበባ በጣሊያንኛ ስሞች ሲፈታና ሲገጠም ኖሯል። ፋብሪካው ለየመለዋወጫው የሰጠውን ስምና ቁጥር የሚያውቀው ዕቃ አስመጪው ነበር እንጂ ጠጋኙ አልነበረም። ይህ ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ዕቃ አስመጪው ከመካከል ሲጠፋ ግን ክብደቱ የሚታይ ነው።

መንገዱ ለአክስሉ አልራራለትም። ፋብሪካው ግሪስ በየተወሰነው ኪሎ ሜትር እንዲሞላ፣ በሚሞላበትም ጊዜ የመኪናው ፊት በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ ከመሬት እንዲላቀቁ አዟል። ምክንያቱም ክብደት በተጫነበት ወገን ፒኑና ቦኮላው ተጣብቀው ስለሚቆዩ ግሪሱ ወደሚፈለግበት ሳይደርስ በሌላው ወገን ያመልጣል። መኪናው በጎማው ቆሞ ግሪስ ሲሞላለት ኒፕሉ ሥራውን የሠራ ይመስላል፤ ብዙ ጫና ያለበት ገጽ ግን ደርቆ ይቀራል። በዚያ ላይ የጠጠር መንገድ አቧራ ሲጨመር የሚሆነው በምህንድስና ትምህርት የታወቀ ነው፦ የአቧራው ደቃቅ ቅንጣት ለስላሳ በሆነው ነሐስ ውስጥ ይሰካና ጠንካራውን የብረት ፒን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቦኮላው ብዙም ሳይጎዳ ፒኑ ቀጥኖ መገኘቱ ብዙ ሰው ያስገርማል፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው።

ጉዳቱን ለመለየት ጥሩ ጋራዥ የሚከተለው ዘዴ ቀላል ነው። ጎማው ከመሬት ይነሣል፤ ላይና ታቹ ተይዞ ይነቀነቃል። ከተንቀሳቀሰ አንድ ረዳት ፍሬን ይረግጣል። ፍሬን ሲያዝ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ከፒኖቹ አንዱ ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ ኩሽኔታ መለወጥ የባለመኪናውን ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ጥገናው ራሱ ሁለት ዓይነት ሙያ ይጠይቃል። አሮጌው ቦኮላ በፕሬስ ተገፍቶ ይወጣል፤ አዲሱ ከነሐስ ተቆርጦ በቶርኖ ይስተካከላል፣ ተጠቅጥቆ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ስለሚጠብ በሪመር እንደገና ይሰፋል። ላይኛውና ታችኛው ቦኮላ በአንድ መስመር ላይ እንዲውሉ ሪመሩ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ማለፍ አለበት። ለየብቻ የሰፉ እንደ ሆነ ፒኑ በግድ ይገባል፣ መሪው ይከብዳል፣ ከመዞሪያ በኋላም ጎማው በራሱ ወደ ቀጥታው አይመለስም። ይህን የሚያውቁ የቶርኖ ባለሙያዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ደካማው ጎን ፒኑ ላይ ነው። የፋብሪካው ፒን ውስጡ ጠናና፣ ላዩ ግን በካርቦን የደነደነ ነው። በአገር ውስጥ ከጠንካራ ብረት የሚቆረጠው ፒን መጠኑ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ካልደነደነ ግን ዕድሜው አጭር ነው። በከሰል ዱቄት ተቀብሮ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት ሙቆ፣ ከዚያም ተነክሮ መደንደን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት ስለሚጎብጥ በመሞረጃ ድንጋይ ማስተካከል ይፈልጋል። ብዙዎቹ ጋራዦች ይህን የመጨረሻ ደረጃ መዝለላቸው ሥራው በዓመት ውስጥ ተመልሶ እንዲመጣ አድርጓል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1965 ፋብሪካው ትልቅ ለውጥ አደረገ። ለ1966 በተዘጋጀው ሞዴል ላይ ኪንግ ፒኑና ሊንክ ፒኖቹ ቀርተው በምትካቸው ቦል ጆይንት ገባ። ቱቦዎቹና የጥምዘዛ ሞላዎቹ ባሉበት ሲቆዩ፣ ጎማው ከክንዶቹ ጋር የሚገናኘው በላይና በታች በሚገኙ ሁለት ሉላዊ መጋጠሚያዎች ሆነ። በሺም ፋንታም የጎማው ዘንበልታ የሚስተካከለው በላይኛው ቦል ጆይንት ላይ ባለ ማእከሉን በሳተ ቀለበት ነው። በፋብሪካው ዓይን ሲታይ ለውጡ ትክክል ነበር፦ የሚሞላው ግሪስ ቀነሰ፣ የመገጣጠሙ ሥራ ፈጠነ፣ መሪውም ቀለለ። ከ1970 ወዲህ በወጡት 1302 እና 1303 በሚባሉት ዓይነቶች ላይ ጭራሽ ቱቦው ቀርቶ የማክፈርሰን ስትራት ተተከለ፤ መደበኛው ዓይነት ግን እስከ መጨረሻው ባለ ሁለት ቱቦ ሆኖ ቆይቷል።

በጠጋኙ ዓይን ሲታይ ግን ለውጡ ሌላ ትርጉም አለው። ቦል ጆይንት የታሸገ ዕቃ ነው። ሲበላ አውጥቶ ሌላ ማስገባት እንጂ ማደስ የለም። በቶርኖ ከፍቶ ውስጡን መሙላት የሚቻል ቢመስልም፣ ሉሉ ከቤቱ ከወጣ ጎማው ወዲያው ስለሚወድቅ ኃላፊነት የሚሰማው መሐንዲስ አይፈቅደውም። ስለዚህ ከ1965 በፊት የአክስሉ ዕድሜ በአካባቢው ባለሙያ እጅ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን በዕቃ አቅራቢው እጅ ገባ።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በአገራችን የተገለጠው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ለግል መኪና መለዋወጫ ማስመጣት አዳጋች ሆነ። በዚያው ዘመን ምርቱም ከመነሻው አገር መራቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 በ15,007,034ኛው መኪና የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ቁጥር ያለፈው ቮልስዋገን፣ በጥር 1978 በኤምደን ፋብሪካ ምርቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሜክሲኮና የብራዚል ፋብሪካዎች ቀጠሉበት። መኪናው በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ሲቆም ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

በአዲስ አበባ የነበረው መፍትሔ መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ ነው። የተፈታ መኪና ዕቃ በዓይነት በዓይነቱ በሚደረደርበት በዚያ ሰፈር የቮልስዋገን ጎማ መያዣ፣ ክንድ፣ ሙሉ አክስልም ቢሆን ሲገኝ ኖሯል። እዚህም ላይ ሁለቱ ዘመኖች እኩል አይደሉም። ከተፈታ መኪና የተገኘ የአሮጌው ዓይነት ጎማ መያዣ አዲስ ቦኮላ ከገባለት እንደ አዲስ ነው፤ ከተፈታ መኪና የተገኘ ቦል ጆይንት ግን ከሚተካው ያላነሰ ያረጀ ነው። አዲሱን አክስል አውጥቶ በአሮጌው መኪና ላይ፣ ወይም አሮጌውን በአዲሱ ላይ መግጠምም እንደሚታሰበው አይሆንም። በሁለቱ ዓይነቶች በላይኛውና በታችኛው ቱቦ መካከል ያለው ርቀት ስለሚለያይ የሻንሲው ራስ አብሮ ካልተለወጠ አክስሉ አይቀመጥም። ይህን ሳያውቁ የገዙ ባለመኪናዎች ገንዘባቸው በብረት ክምር ላይ ቀርቷል።

ዛሬ ሁኔታው በከፊል ተለውጧል። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ስለበዙ ኪንግ ፒንም ሊንክ ፒንም ቦል ጆይንትም እንደገና ይመረታሉ፤ በዘመድ ሻንጣ ተይዘው ወደ አገር የሚገቡም አሉ። ጥራታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ላዩ ያልደነደነ ፒን በሚያምር ካርቶን ታሽጎ ሊመጣ ይችላልና ከመግጠም በፊት በሞረድ ጫፍ መፈተን ይበጃል፦ ሞረዱ ከነከሰው ለስላሳ ነው። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የጣለው ከፍተኛ ታክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ የተደረገው እገዳ በእጅ ያለውን መኪና የመጠገንን ጥቅም አጉልተውታል። ይሁን እንጂ የቦኮላው ውፍረትና የፒኑ ልክ በአብዛኛው የሚገኘው በጥቂት ሽማግሌ ባለሙያዎች ጭንቅላትና በቶርኖ ቤት ግድግዳ ላይ በጠመኔ በተጻፈ ቁጥር ነው። አንድ ወጣት መሐንዲስ በካሊፐርና በማይክሮሜትር ሁለት ቀን ቢሠራ ሙሉ የሥራ ሥዕሉን ሊያወጣ ይችል ነበር።

በሥዕል የማይፈታው አንድ ጉዳት ብቻ ነው፤ እርሱም የቱቦው ጫፍ ነው። ክንዱ የሚሽከረከርበት የመርፌ ኩሽኔታ መቀመጫው ከሰፋ አዲስ ኩሽኔታ አይቆምለትም። በብየዳ መሙላት ቱቦውን በሙቀት ያጣምመዋል፤ በቶርኖ አስፍቶ ቀለበት ማስገባት ደግሞ አክስሉን በሙሉ ርዝመቱ የሚይዝ ማሽን ይፈልጋል። ማሽኑ ካልተገኘ የሚቀረው ሌላ አክስል መፈለግ ነው። ገበያ የሚወጣ ሰው ገመድ ሜትር ቢይዝ፣ የዓመተ ምሕረቱን ነገር ሻጩን ሳይጠይቅ፣ ከላይኛው ቱቦ እስከ ታችኛው ያለውን ርቀት ለክቶ ከራሱ መኪና ጋር ያመሳክራል።