የማማ፣ የላሎና የጌራ ልጆች

በመንዝ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተ ዘመድ ስም የለም። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ያ ስም የአያት ሆኖ ወደ ኋላ ይቀራል። ይሁንና መቶ ዓመታትን የተሻገሩ ስሞች አሉ፦ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ። በአፈ ታሪክ አገሩን ያቀኑት አባቶች ናቸው። ስማቸው የጸናው በመሬቱ ላይ ነውና ዛሬም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር እንላለን። በስኮትላንድ ብዙ ባላባት የያዘውን ርስት ስም ለራሱ ወስዶ ለዘሩ አወረሰ፤ መንዝ የሰውን ስም ለመሬቱ ሰጠ።

ምክንያቱ የአጽመ ርስት ሥርዓት ይመስለኛል። መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር፤ ቆጠራውም በአባትም በእናትም ያልፋል። ለሚሟገት መንዜ የትውልድ ሐረጉ ትልቁ ማስረጃው ስለሆነ፣ የሴት አያቱን አባት ስም የዘነጋ ሰው መሬት ያጣ ነበር። በአባት ወገን ብቻ የሚወርድ አንድ ስም ይህን ሁሉ ዝምድና አይሸከምም።

ይህ በትውልድ የሚቆጠር መብት ጎልቶ የታየው ጓሳ በተባለው የመንዝ የሣር ደጋ ላይ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያን ደጋ የመጠቀም መብት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበር፤ ሁለቱ አባቶች ድርሻቸውን በፈረስ ግልቢያ እንደለዩ ይተረካል። ተወላጆቹ በቄሮ ሥርዓት ሹም መርጠው ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ሲከፈት አጭደው ቤት ይከድኑበት፣ ገመድ ይገምዱበት ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ መኖራቸው የዚያ ጥበቃ ፍሬ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ በትውልድ የሚጠየቅ መብት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ።

የሸዋ ነገሥታትም ያለ ቤተ ዘመድ ስም ከመኖር ልማድ አልወጡም። ከመንዝ አጋንቻ የተነሣው የነጋሲ ክርስቶስ ዘር ሸዋን እስከ ምኒልክ ድረስ ሲገዛ የጋራ መጠሪያ አልነበረውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዚህ ቤት የሚቆጠሩት በሴት በኩል፣ የሣህለ ሥላሴ ልጅ በሆኑት በአያታቸው በተናኘ ወርቅ ነው። በአባት ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚጠሩት በቅድመ አያታቸው በጉዴሳ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ኑሮው አልተቀበለውም። የቤተ ዘመድን ስም በተግባር ያመጣው ስደት ነው። ፓስፖርት ሲወጣ ሦስተኛ ሆኖ የተገኘው አያት፣ ባሕር ማዶ ለሚወለዱት ሁሉ ቋሚ መጠሪያ ይሆናል። በእናት በኩል የሚቆጠሩት አባቶች ግን በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የላቸውም። ለእረፍት ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሞላሌ የሚመጡ ልጆች፣ ሐረጉን በቃል የሚያውቁ አያቶች ሳሉ፣ የእናታቸውንም ወገን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረው ቢጽፉት እወዳለሁ።