ሐይቅና ቦሩ ሜዳ፦ እምነት ለልጅ የተላለፈባቸው ሁለት መንገዶች

ከደሴ በስተ ሰሜን ብዙም ሳይርቁ ሁለት ታላላቅ የታሪክ ቦታዎች ይገኛሉ። አንደኛው ቦሩ ሜዳ ነው፤ ከከተማው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሌላው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በሁለቱም ቦታ፣ በስድስት መቶ ዓመት ልዩነት፣ ክርስትናን የማነቃቃትና የማስፋፋት ሥራ ተሠርቷል። በሐይቅ በማስተማር፣ በቦሩ ሜዳ በአዋጅ። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ልጆቹን በእምነቱ ለማሳደግ የሚደክም ክርስቲያን ወላጅ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሁለቱም ወራሽ ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ለልጆች የሚነገረው የትኛው ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የሐይቁ ነው። ይገባዋልም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ፣ ከደብረ ዳሞ ወደ ሐይቅ መጡ። ትውፊቱ እንደሚለው ደብረ ዳሞ ሳሉ ሥራቸው መጻሕፍት መገልበጥ ነበር። ሐይቅ ሲደርሱም ይዘው የመጡት ይህንኑ ሙያ ነው፤ ብራና፣ ብዕር፣ ንባብ። እስካረፉበት እስከ 1290ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለአርባ ዓመታት ከዚያ በላይ አስተማሩ።

ውጤቱ በደቀ መዛሙርቱ ታየ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ለዓመታት ተምረው ወደ ሸዋ ተመለሱና በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥቱ ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ታላቅ ማዕረግ እስከ መያዝ ደረሰ። የዚያን ዘመን የክርስትና መነቃቃት ካርታ ላይ መስመር ቢሰመር፣ ብዙው መስመር የሚነሳው ከዚህች የወሎ ሐይቅ ነው።

ማስረጃውም አልጠፋም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተዘጋጀው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ድረስ ሲመጣም መጽሐፉ ተርፏል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈውን ብራና ያቆየው ግን ቆዳው ብቻ አይደለም። በየትውልዱ ሊያነበው የሚችልና ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ስለተተካ ነው።

ያ ሰው እንዴት ተተካ? በልጅ በኩል። የአብነት ትምህርት ቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። ሕፃኑ ከፊደል ይጀምራል፤ ንባብ ይቆጥራል፤ ዳዊት ይደግማል። የሚገፋበት ከሆነ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከቤቱ ርቆ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ ከደጅ ደጅ ለምኖ እየበላ፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። የቆሎ ተማሪ ሕይወት መከራ እንደነበረው የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚህ መንገድ ያለፈ ልጅ የተቀበለውን ነገር በልቡ ይዞታል። ማንም ሊነጥቀው አይችልም፤ በሄደበትም ያስተምረዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተው ነበር። የጉባኤው የመጀመሪያ ጉዳይ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ለዘመናት የቆየው የልደትና የቅባት ክርክር ሲሆን የተፈረደውም ለተዋሕዶ ነበር። ነገሩ ግን በሊቃውንት ክርክር አልቆመም። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ለሹማምንቱ ምርጫው ሹመትን መያዝ ወይም ማጣት ሆነ። ለሕዝቡ የተሰጠው የሦስት ዓመት ጊዜ ነበር።

ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ሌላው የወሎ ገዢ ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእርሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ሆኑ። ሕዝቡ ዘንድ ግን ሌላ ታሪክ ተፈጸመ። ብዙዎች ተሰደዱ። አንዳንዶች አመፁ፤ ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው መኖር ጀመሩ።

በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ምን ተማረ? ቀን የሚጠራበትን ስም ማታ እንዲረሳ ተማረ። የወላጆቹ እውነተኛ ጸሎት በሹክሹክታ የሚባለው እንደሆነ ተማረ። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ፣ ከተጠመቁት ብዙዎቹ ወደ እስልምናቸው ተመለሱ። አዋጁ ከጉባኤው በኋላ የቆየው 11 ዓመት ነው። በአንጻሩ የሼህ ጦልሐ የአማርኛ መንዙማ ከአፍ ወደ አፍ ተላልፎ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ይህ ለክርስቲያኑም ትምህርት ነው፤ እምነትን ያቆየው በዚያም ወገን ቢሆን ልጅ በቃሉ የያዘው ግጥምና ዜማ ነው።

የራስ ሚካኤል ቤት ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። እርሳቸው በክርስትናቸው ጸኑ፤ በዐድዋ የወሎን ፈረሰኛ መሩ፤ ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ታዲያ የቦሩ ሜዳ ጥላ ከቤታቸው አልወጣም። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ የቀረበበት ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘነበለ የሚል ነበር። ከአንድ ወር በኋላ አባትየው ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በአባት ላይ የወረደው አዋጅ በልጅ ላይ ክስ ሆኖ ተመለሰ።

ይህ የወሎ ብቻ ትምህርት አይደለም። በሌላ የአገራችን ጫፍ፣ በሌላ የክርስትና ወገን፣ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ በወላይታ የነበሩ የወንጌላውያን ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ አሥር ሺህ ተጠግቶ አገኙት። በመካከሉ መንግሥት አልደገፋቸውም፤ እንዲያውም ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። እምነቱ የተስፋፋው ገበሬው ለጎረቤቱ፣ እናት ለልጇ እየነገረች ነው። የሐይቁ መነኩሴና የወላይታው ገበሬ በትምህርተ ሃይማኖት ቢለያዩም በዚህ አንድ ናቸው። ሁለቱም ጉልበት አልነበራቸውም።

ወደ ዛሬዋ ደሴ እንመለስ። ፊደል የሚያስቆጥረው የኔታ በብዙ ሰፈር የለም። ቦታውን የያዘው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እሑድ ጠዋት ነጠላ ያጣፉ ሕፃናት መዝሙር ያጠናሉ፤ የሚያስተምሯቸው ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ወጣቶች ናቸው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ወላጅ እሑድን እንኳ ከልጁ ጋር ለማሳለፍ አይችል ይሆናል። ልጁን በቀሪው ሳምንት የሚያስተምረው ስልክ ነው። ስልኩ ላይ ደግሞ የሃይማኖት ታሪክ በብዛት የሚቀርበው እንደ ቂም መዝገብ ነው፤ ማን ማንን እንዳቃጠለ፣ ማን ማንን እንዳስገደደ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች አዳረሰ። በጥቅምት መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹን ማስለቀቁን አስታወቀ። ቀኑ የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል በዋለ ማግስት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ብዙ ቤተሰብ በእጁ የቻለውን ብቻ ይዞ ተሰደደ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጅ ይዞት የሚሄደው ቅርስ ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሕንፃው ይቀራል። በቃሉ ያጠናው ጸሎት ግን አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ ልጆች ሁለቱንም ታሪክ መስማት አለባቸው። የሐይቁን ብቻ የሰማ ልጅ፣ አንድ ቀን ሙስሊም የክፍል ጓደኛው ስለ ቦሩ ሜዳ ሲጠይቀው ይደነግጣል፤ ወይ ይክዳል፣ ወይ ይጣላል፣ ወይ ወላጆቼ ዋሹኝ ይላል። ከስልክ የቦሩ ሜዳን ብቻ የሰማ ደግሞ ወይ በእምነቱ ያፍራል፣ ወይ ጉልበትን ይናፍቃል። ሁለቱንም ከወላጁ አፍ የሰማ ልጅ ግን “አዎ፣ ያ ሆኗል፤ ስህተትም ነበር፤ የእኛ እምነት እዚህ የደረሰው ግን በዚያ አይደለም” ብሎ መመለስ ይችላል። ይህን መልስ የያዘ ልጅ ከጓደኛው ጋር ጓደኛ ሆኖ ይቀጥላል።

ወሎ ለዚህ የሚሆን ልማድ አላት። አበጋሮቿ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ አስቀምጠው ያስታርቃሉ፤ በአንድ ቤተሰብ የአባትና የልጅ ስም ከሁለት ሃይማኖት ሲመጣ ማንም አይገረምም። ራሳቸው ንጉሥ ሚካኤል በልጅነታቸው ሙስሊም፣ በጉልምስናቸው ክርስቲያን ነበሩ። ደሴ ላይ ያሠሩትን ታላቅ አዳራሽ ስም ያወጡለት አይጠየፍ ብለው ነው። አዳራሹ ዛሬም አለ። ወላጅ ልጁን ወደ ሐይቅ ሲወስድ በአይጠየፍ በኩል ቢያልፍ፣ ቦሩ ሜዳ ላይም ጥቂት ቆም ብሎ የሆነውን ሳይሸሽግ ቢነግረው፣ ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል።