ከሰጋር በቅሎ እስከ ዶቅዶቄ፦ በወለጋ ያገለገለ መጓጓዣ ስለ መግዛት

ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው በቀድሞው ዘመን ያልተገራች በቅሎ አይገዛም ነበር። የሚሻው መንገድ የለመደችውን፣ ጭቃና ወንዝ ያየችውን፣ ኮርቻ ሲጫንባት የማትበረግገውን፣ ነገር ግን ጕልበቷ ገና ያልደከመባትን ነበር እንጂ። ስለዚህ ዛሬ በነቀምቴና በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ጥቂት የተነዳ ሞተር ሳይክል ፍለጋ ከደላላ ደላላ የሚዞረው ጐልማሳ፣ የዘመን ልጅ ሆኖ አዲስ ልማድ የጀመረ ቢመስለውም፣ በእውነቱ የሚከተለው አያቶቹ የረገጡትን ፈለግ ነው። የነገሥታቱን የጦር ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል፤ ተራው መንገደኛ ግን የሚቀመጥበትን እንዴት መርጦ፣ በማን ምስክርነት፣ በምን ዋስ ይገዛ እንደ ነበረ ጥቂት ሰው ብቻ ያሰበበት ነገር ስለ ሆነ፣ በዚህ ላይ ብዕር ማንሣት የተገባ መስሎ ታይቶኛል።

ወለጋ የወንዝ አገር ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደ ገና ዳገቱን ይያያዘዋል፤ በሰሜን አንገር አለ፣ ከአንገርም ወዲያ ዓባይ፤ በምዕራብ ዳቡስ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ወደ ባሮ የሚገቡት ወንዞች አገሩን ይከፋፍሉታል። የነቀምቴ የዓመት ዝናም 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚደርስና ክረምቱም ረጅም ስለ ሆነ፣ ቀዩ አፈር ለወራት እግር የሚያዳልጥ ጭቃ ሆኖ ይሰነብታል። እንዲህ ባለው ምድር ላይ መቀመጫን መምረጥ የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወትና የሞትም ጉዳይ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የምዕራቡ ንግድ የሚያልፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች በጎጃም ባሶ፣ ከዓባይ ወዲህ በጉድሩ አሰንዳቦ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ቢሎ ነበሩ። ከሰሜን የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ሲወርድ፣ አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች ደግሞ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ይዘው ይገናኙት ነበር፤ በዚያው መንገድ፣ ልብን በሚያሳዝን ሁኔታ፣ የአዳም ልጅም እንደ ሸቀጥ ይነዳ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ነጋዴው ከገበያ ወደ ገበያ ሲያልፍ የደከመችበትን በቅሎ ሸጦ የበረታችውን ይገዛ ስለ ነበር፣ የሸቀጡ ገበያ ባለበት ሁሉ ያገለገሉ የጭነትና የመቀመጫ ከብቶች ገበያም አብሮ ይኖር ነበር።

በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የሸዋና የጎጃም ሠራዊት በተዋጉ ጊዜ፣ በፈረሱ ስም አባ ጥጉ የሚባለው ጎበና ዳጬ የሚመራው የኦሮሞ ፈረሰኛ ለሸዋ ድል ትልቁን ድርሻ አበረከተ፤ ከዚያም በኋላ የሌቃ ነቀምቴው ገዢ ሞሮዳ በከሬ በሰላም ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በመገበሩ አገሩን እንደ ያዘ ኖረ። ልጁ ኩምሣ፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ አባቱን ተክቶ ነቀምቴን ሲያስተዳድር፣ በቄለም ደግሞ ጆቴ ቱሉ ገዢ ነበረ። ከእነዚህ ግዛቶች ወደ አዲስ አበባ የሚላከው የወርቅና የዝሆን ጥርስ ግብር፣ የሚመላለሰውም ደብዳቤ ሁሉ በበቅሎ ጀርባ ያለፈ ነው። ዛሬ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለምትሰግር በቅሎ የ11 ቀን ጉዞ ይሆናል፤ ወንዝ ቢሞላ ደግሞ ቀኑን የሚቈጥረው ወንዙ ነው። ጌታ የሆነ ሰው ፈረሱን በአሽከር እያስሳበ በበቅሎ ይጓዝ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፈረስ የጦር ሜዳና የበዓል ቀን ጌጥ ሲሆን፣ በቅሎ ግን ገደሉን በእርጋታ የምትወርድ፣ የተቀመጠባትንም ሰው የማታደክም የረጅም መንገድ ባልንጀራ ነበረችና።

ወደ ግዢው ሥርዓት ስንመጣ ነገሩ ጥልቅ ነው። ገዢ በመጀመሪያ የበቅሎዪቱን አፍ ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የፊት የወተት ጥርሶቿን መለወጥ ትጀምራለች፣ አምስት ዓመት ሲሆናት አፏ ይሞላል፣ ከዚያም ወዲያ ዕድሜዋ የሚታወቀው በጥርሷ መበላት ነው። ቀጥሎ ኮርቻውን ያስወርዳል፤ ግላሱ የሸፈነው ገጣባ ካለ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነውና፣ ኮርቻውን ለማውረድ የሚያመነታ ሻጭ በዚያው ይጠረጠራል። ከዚያ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ዳገት ያወጣታል፤ ቁልቁለትም ያወርዳታል፣ የበቅሎ ጕልበት በዳገት፣ የፊት እግሮቿ ጤና ግን በቁልቁለት ይፈተናልና። ይህ ሁሉ ምርመራ ከተፈጸመ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው፦ እስከ ዛሬ የማን ነበረች? ከደብር ወደ ደብር ቄስ ይዛ የኖረች በቅሎና ዓመቱን ሙሉ ቡና ስትሸከም የኖረች በቅሎ በዓይን ቢመሳሰሉ እንኳ በእርምጃ አይመሳሰሉም፤ የጭነቷ እርምጃ ይከብዳል፣ ስግሪያዋም ይጠፋል።

በወለጋ ግን ከዚህም በላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቆላ ወርዳ ታውቃለች ወይ የሚለው ነው። በዴዴሳ፣ በአንገርና በዳቡስ ሸለቆዎች የሚገኘው የቆላ ዝንብ የገንዲን በሽታ ለከብትም፣ ለፈረስም፣ ለበቅሎም ያስተላልፋል፤ የተያዘው ከብት ቀስ በቀስ እየከሳ፣ ደሙ እየቀጠነ፣ ጥቂት ሰንብቶ ይወድቃል። ከቆላ በቅርቡ የወጣች በቅሎ ገበያ ላይ ስትቆም ደህና ልትመስል ትችላለች። ስለዚህ ብልህ ገዢ ከጥርሷና ከኮቴዋ ይልቅ የሄደችበትን መንገድ ይመረምር ነበር፤ ይህ ዓይነቱ የታሪክ ምርመራ የወለጋ ገበያ ለመንገደኛ ያስተማረው ትልቁ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምርመራው የማይደርስበትን ደግሞ ዋሱ ይደርስበታል። በእማኞች ፊት የሻጩ ዘመድ ወይም ጎረቤት፣ በኦሮሞው ልማድ ዋቢ የሚባለው፣ ከብቷ የስርቆት እንዳልሆነችና የተሰወረ ነውር እንደሌለባት በራሱ ስም ይቆማል፤ ጠገራው ብር የሚቈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ሻጩ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ ነገ ዓባይን ቢሻገር እንኳ ዋሱ በአገሩ ይቀራል። እንደ እኔ አሳብ የግዢው ምሰሶ ብሩ ሳይሆን ይህ የቀረው ሰው ነበር።

በ1894 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቅዶ፣ ጋምቤላ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሯን ከፈተች። መርከብ በባሮ ላይ እስከ ጋምቤላ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ስለ ሆነ፣ የደምቢ ዶሎና የጎሬ ቡና ከደጋው በበቅሎ ጀርባ ወርዶ ውሃውን መጠበቅ ነበረበት። ቡናው በቅሎ ይፈልግ ነበር፣ ቆላው ግን በቅሎ ይገድል ነበር፤ በአንድ ወገን የእንፋሎት መርከብ፣ በሌላው ወገን ገንዲ የሚፈራው ጫኝ፣ ሁለት ዘመኖች በአንድ ወንዝ ዳር ተገናኝተው ይታዩ ነበር።

ሞተር ሳይክል ራሱ የተወለደው ከእምባቦ ጦርነት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1877 ዓ.ም. መጨረሻ ጎትሊብ ዳይምለር፣ ከባልደረባው ከቪልሄልም ማይባክ ጋር በጀርመን አገር በካንሽታት ለሠራው፣ አካሉ እንጨት፣ ኃይሉ ቤንዚን ለሆነው ባለ ሁለት መንኰራኵር የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ይህ ፍጥረት ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ ግን የሰላም መንገድ አልነበረም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ መኰንኖችን የያዙ አውሮፕላኖች በነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ሜዳ ባረፉ ጊዜ፣ የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት ከብበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከመኰንኖቹ አንዱ ጄኔራል ማልዮኮም ከጓደኞቹ ጋር በዚያ ሞተ። ጠላት በኋላ አገሩን ሲይዝ ካሚዮንና ሞተር ሳይክል አስከትሎ ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉት የጭነት መኪኖች በየነጋዴው እጅ ገብተው ለብዙ ዓመታት የአገሩን ሸቀጥ አመላለሱ። ከጦር የተረፈ ዕቃ ለሰላም ጊዜ ሥራ መዋሉ መልካም ነገር ነው፤ ካንዴላ ማጽዳትን፣ ፍሪሲዮን መለወጥን፣ ካቴና ማጥበቅን የአገራችን መካኒኮች የተማሩትም በእንዲህ ያለው አሮጌ ብረት ላይ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። መንገዱ ወደ ምዕራብ እየገፋ ሲሄድ የበቅሎዋ መንገድ አጠረ፤ ከአውራ ጐዳናው ወዲያና ወዲህ ግን፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና የወንጌል መልእክተኛው በሞተር ሳይክል መሄድ ጀመሩ። ሕዝቡ በድምፁ ዶቅዶቄ ብሎ የሰየመው ይህ መጓጓዣ፣ ያማሃም ቢሆን ሆንዳ ወይም ሱዙኪ፣ በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበረ፤ ወደ ግለሰብ እጅ ይገባ የነበረው አገልግሎቱን ፈጽሞ በጨረታ ሲወገድ ነበር። እንግዲህ የወለጋ ሰው ሞተርንም እንደ በቅሎ ያወቀው ከሌላ ሰው እጅ በመቀበል መሆኑን ልብ ይሏል።

ለረጅም መንገድ የሚመች መጓጓዣ የሚሻው የወለጋ ሰው ብቻ አይደለም። በውጭው ዓለም በ1969 ዓ.ም. መግቢያ የጀርመኑ ፋብሪካ ቢ.ኤም.ደብልዩ፣ አር 100 አር.ኤስ. የተባለውን ሞተር ሳይክል አወጣ፤ ነፋስ የሚከለክለው ሙሉ ሽፋኑ በጣሊያን አገር በነፋስ መፈተኛ ቤት የተቀረጸ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ወገን፣ ፍጥነትን ከረጅም መንገድ ምቾት ጋር ያጣመረ፣ በብዙ አገር ተወዳጅ ሆነ፤ ጥቂት ተነድቶ የሚሸጠው ወይም ካለፈው ዓመት ሳይሸጥ የተረፈው በቅናሽ ይፈለጋል። ይህ ወገን ከበድ ያለና ለአስፋልት የተሠራ በመሆኑ የዴዴሳን ቁልቁለት አልፎ ወደ ገጠር ለሚገባ ሰው አይመችም፤ በወለጋ የሚመረጠው የሕንዱ ቦክሰርና አፓች፣ ወይም ከጭቃ ከፍ ብሎ የሚሄደው ቀላሉ የጃፓን ሞተር ነው። ይሁን እንጂ ፍላጎቱ አንድ ነው፤ ሰጋር በቅሎም የምትፈለገው ፈጥና እንድታደርስ፣ አድርሳም እንዳታደክም ነበር።

የምርመራውም ሥርዓት አልተለወጠም። ዐዋቂ ገዢ በማለዳ ሄዶ ሞተሩን ሳይሞቅ ያስነሣዋል፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ችግሩን ይሸሽጋልና። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያውቃል። በመጋዘን ለዓመታት የቆመ ሞተር ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ተብሎ ቢወደስም፣ ቤንዚኑ በካርቡሬተር ውስጥ ረግቶ፣ ባትሪው ሞቶ፣ ጎማው ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ በጎማው ጎን የታተሙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና በአውሮፓ አቈጣጠር ዓመቱን ስለሚናገሩ፣ 2319 የሚል ጎማ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከሁሉ በኋላ ያው የጥንቱ ጥያቄ ይመጣል፤ የማን ነበር፣ በየትስ መንገድ ሄደ? በከተማ አስፋልት የተነዳና በየክረምቱ ከጊምቢ ገጠር ቡና ጭኖ የወጣ ሞተር በቀለም ቢመሳሰሉ በዕድሜ አይመሳሰሉም።

የተለወጠው ዋሱ ነው። ፍትሐ ነገሥቱ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሕግ ነበረው፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት መድን መሆኑን ደንግጓል። ዛሬ ሊብሬውና የስም ማዛወሩ ወረቀት ባለቤትነትን ይመሰክራሉ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፣ የስርቆትን ነገር ከቀድሞው ይልቅ ያጠራልና። ነገር ግን ወረቀቱ የሞተሩን ጤንነት አይመሰክርም፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ለነገሩ ባዕድ ይሆናል። በሕግ የተጻፈው መድን የሚጠቅመው ሻጩ ሲገኝ ነው፤ የቀድሞው ዋስ ግን ሻጩ ባይገኝም ይገኝ ነበር። ስለዚህ የወለጋ ገዢዎች በውሉ ላይ ከእማኞች ጋር አንድ የሚታወቅ ዋስ ማስፈረማቸውን እንዳይተዉ እመክራለሁ፤ ይህ ኋላ ቀርነት ሳይሆን ከአባቶች የተረከብነው ሕያው ሥርዓት ነው።

የነቀምቴ ቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች ተጠብቀው ስለ ቆዩ፣ የታሪክ ተመራማሪዎቹ ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው ለማሳተም ችለዋል፤ ስለ ግብርና ስለ ሹመት ዛሬ የምናውቀው ብዙው ከዚያ ነው። የተራው ሰው የግዢ ውል ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል። በነቀምቴ፣ በሻምቡ፣ በአርጆ፣ በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ የአያቱን የበቅሎ ውል ወይም የአባቱን የመጀመሪያ ሞተር ሰነድ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር፣ ዋናውን ለራሱ አስቀርቶ ቅጂውን ለወለጋ ሙዚየም ወይም ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ፣ የዋሶቹንም ስም የሚያስታውስ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ቃሉን እንዲያስጽፍ እለምናለሁ።