ከማኅበር ጋር ወይስ ለብቻ? የብስክሌተኞች ምርጫ በእንግሊዝና በአሜሪካ (ከ1870 እስከ 1900)

ለሩቅ መንገድ የተነሣ ሰው ከማን ጋር እሄዳለሁ ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል። ባገራችን የሲራራ ነጋዴ ብቻውን በረሓ ከመግባት ይልቅ ጭነቱን ከጓደኞቹ ጭነት ጋር አስተባብሮ፣ በነጋድራስ ሥር ሆኖ መጓዝን ይመርጥ ነበር። ብቸኛውን መንገደኛ ሽፍታ በቀላሉ ያጠቃዋልና። ይሁን እንጂ ከብዙዎች ጋር የሚጓዝ ሰው ሌላው ሲነሣ መነሣት፣ ሌላው በሰፈረበትም መስፈር ግድ ይሆንበታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ለመመርመር ያሰብነው ብስክሌት ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ የነበሩት ብስክሌተኞች እንዴት እንደ መለሱት በመመልከት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1870ዎቹ ዓመታት የተለመደው ብስክሌት የፊት መንኰራኵሩ እጅግ ትልቅ፣ የኋላው ግን በጣም ትንሽ ነበር። የትልቁ መንኰራኵር ስፋት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለ ነበረ ነጂው የሚቀመጠው ከፍ ብሎ ነው። መንኰራኵሩ ድንጋይ የመታው እንደ ሆነ ነጂው በእጀታው ላይ ተሻግሮ በግንባሩ ይወድቃል። መንገዶቹም ለፈረስ ጋሪ እንጂ ለብስክሌት የተሠሩ አልነበሩም። ባለጋሪዎችም አዲሱን መጤ አይወዱትም ነበር። በ1876 ከሎንዶን ወደ ሴንት ኦልባንስ በሚሄደው የሕዝብ ሠረገላ ላይ የነበረው ነጂ አንዱን ብስክሌተኛ በጅራፍ ሲገርፈው፣ ረዳቱ ደግሞ በገመድ የታሰረ የብረት ኳስ ወደ መንኰራኵሩ ወርውሮ ጣለው። ሁለቱም ፍርድ ቤት ቀርበው ተቀጡ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ብቻውን የወደቀ ሰው የሚያነሣውም ሆነ የሚመሰክርለት አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ብስክሌተኞች ቶሎ ወደ ማኅበር መሰባሰባቸው አያስደንቅም። በ1870 በሎንዶን ሃክኒ በተባለው ሰፈር የተቋቋመው የፒክዊክ ብስክሌት ማኅበር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ቻርልስ ዲክንስ የሞተው በዚያው ዓመት ስለ ነበር ማኅበሩ ስሙን ከደራሲው መጽሐፍ ወሰደ፤ አባሎቹም በመጽሐፉ ባሉት ሰዎች ስም ይጠራሩ ነበር። የዚያ ዘመን ማኅበራት ሥርዓታቸው የወታደር ሥርዓት ይመስል ነበር። የደንብ ልብስ አላቸው፤ ፊት ፊት የሚመራ አለቃ አላቸው፤ ለመነሣትና ለመውረድ ጡሩምባ የሚነፋላቸውም አለ። አለቃውን ቀድሞ መሄድ ነውር ነበር። ይህ ሥርዓት ለጥበቃ ይጠቅማል። ነገር ግን በወንዝ ዳር ጥቂት ለመቆም ወይም ባላሰበው መንገድ ለመታጠፍ የፈለገውን ሰው ያስቸግረዋል። ብቻውን መሄድ የመረጠው ሰው ሁሉ ኩሩ ወይም ሰው የማይወድ ነበር ማለት እንግዲህ ትክክል አይሆንም።

በ1878 በሃሮጌት ከተማ ስታንሊ ኮተሬል የተባለው ወጣት ያቋቋመው የብስክሌት መንገደኞች ማኅበር ለዚህ ችግር አዲስ መልስ አመጣ። ይህ ማኅበር አባሎቹ በአንድ ሰልፍ እንዲጓዙ አላስገደደም። ማኅበርተኛው ብቻውን ቢሄድም በየከተማው የማኅበሩን ወኪል ያገኛል፤ የማኅበሩ ምልክት በተሰቀለበት ሆቴልም በተስማሙበት ዋጋ ያድራል። ማኅበሩ አደገኛ ቁልቁለት ባለበት ስፍራ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አቆመ። በ1886 ከሌላው ትልቅ የብስክሌተኞች ኅብረት ጋር ሆኖ መንገዶች እንዲሻሻሉ የሚሟገት ማኅበር መሠረተ። በ1888 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግም ብስክሌትን እንደ ሠረገላ ስለ ቈጠረው ብስክሌተኛው በመንገዱ ላይ የመሄድ መብቱ ታወቀለት። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ መንኰራኵሮቹ የሚተካከሉትን ብስክሌት በኮቨንትሪ ሠራ፤ በ1888ም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት በአየር የሚነፋውን ጎማ አወጣ። ከዚህ በኋላ ብስክሌት ለብዙ ሰው ተስማሚ ሆነ። የማኅበሩም አባሎች በ1899 ከ60,000 በላይ ደረሱ።

ብቻውን ለመጓዝ የቈረጠው ሰው ምሳሌ ቶማስ ስቲቨንስ ነው። በሚያዝያ 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ በባለ ትልቁ መንኰራኵር ብስክሌት አሜሪካን አቋረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ከሊቨርፑል ተነሥቶ ኤውሮፓንና ቱርክን አልፎ ፋርስ ገባ። በአፍጋኒስታን ተይዞ ስለ ተመለሰ ዞሮ በሕንድና በቻይና በኩል ሄደ፤ በታኅሣሥ 1886 ዮኮሃማ ደርሶ ጉዞውን ፈጸመ። በብስክሌት ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ነገር ግን ይህ ብቸኛ ሰው በእውነት ብቸኛ ነበርን? ከሊቨርፑል ሲነሣ የከተማው ማኅበራት ብስክሌተኞች ሸኝተውታል፤ በሃንጋሪም ስቬቶዛር ኢጋሊ የተባለ ብስክሌተኛ ለብዙ ቀን አብሮት ተጕዟል። ማኅበር ከሌለበት አገር ሲደርስ ግን የሚረዳውም የሚያስረውም የአገሩ ሹም ብቻ ነበር። እንግዲህ ብቻውን የሄደውም ሰው ቢሆን ሌሎች ተባብረው ባቀኑት መንገድ ይጠቀም እንደ ነበር እናያለን።

እስካሁን የተናገርነው ግን ምርጫው በእጁ ስለ ነበረው ሰው ነው። ምርጫው በእጃቸው ያልነበረም ነበሩ። በአሜሪካ በ1880 የተቋቋመው የብስክሌተኞች ሊግ በየካቲት 1894 በሉዊቪል ባደረገው ጉባኤ አባል የሚሆነው ነጭ ብቻ ነው የሚል ቃል በደንቡ ውስጥ አገባ። ኪቲ ኖክስ የምትባል የቦስተን ልብስ ሰፊ፣ አባቷ ጥቁር እናቷ ነጭ የሆኑ ወጣት፣ በ1893 የሊጉ አባል ሆና ነበር። በ1895 ሊጉ በአዝበሪ ፓርክ ዓመታዊ ስብሰባውን ሲያደርግ የአባልነት ወረቀቷን ይዛ ቀረበች። በዚያ የሆነውን ጋዜጦች በየበኩላቸው ለያይተው ጽፈውታል፤ አንዳንዶቹ ተከለከለች ሲሉ ሌሎቹ የለም አሉ። ሊጉ ግን አባል የሆነችው ከደንቡ በፊት ስለ ሆነ መብቷ እንደ ጸና ነው ሲል አስታወቀ። ከእርሷ በኋላ ለሚመጡት ጥቍሮች በሩ ተዘግቶ ቀረ። ኪቲ ኖክስ በ1900 በወጣትነቷ ሞተች፤ ይህ ደንብ በይፋ የተወገዘው በ1999 ነው። ለተከለከለው ሰው ብቻውን መሄድ ነጻነት ሳይሆን ግዞት ነው። የቦስተን ጥቁር ብስክሌተኞች ሪቨርሳይድ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር ማቋቋማቸውም ጓደኝነት የማያስፈልገው ሰው እንደሌለ ያስረዳል።

በተቃራኒው በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። በ1898 ሌዲ ሃርበርተን የተባሉት እመቤት ሱሪ መሰል የብስክሌት ልብስ ለብሰው በሰሪ አውራጃ ኦካም በምትባል መንደር ወዳለ ሆቴል ብቻቸውን ደረሱ። የሆቴሉ ባለቤት በልብሳቸው ምክንያት ወደ እንግዳ መቀበያው ክፍል አላስገባም ብላ መጠጥ ወደሚሸጥበት ክፍል መራቻቸው። እመቤቲቱ የመንገደኞች ማኅበር አባል ስለ ነበሩ ማኅበሩ በ1899 ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበው። ፍርድ ቤቱ ሌላ ክፍል ስለ ተሰጣቸው አልተከለከሉም ሲል ፈረደ፤ ማኅበሩም ተረታ። ቢረታም እንኳ አንድ ነገር አሳይቷል፤ ይኸውም ብቻዋን በመንገድ የነበረችው ሴት በስተኋላዋ በሺህ የሚቈጠር ሰው እንደ ነበራት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ የሚከተለው ነው። ከማኅበር ጋር ወይስ ለብቻ የሚለው ጥያቄ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ይጠይቃል። አብሮ መንዳት አንድ ነገር ነው፤ አብሮ መሆን ሌላ ነው። ማንም ሰው ጠባዩና ጊዜው እንደ ፈቀደለት ለብቻው ቢነዳ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ሰሌዳውን ላቆመው፣ ስለ መንገዱና ስለ ሕጉ ለተሟገተው ኅብረት ድርሻውን ሳያዋጣ በፍሬው ብቻ ቢጠቀም ባለዕዳ ነው። ማኅበሩም በበኩሉ የሚመዘነው በሰልፉ ማማርና በጡሩምባው ድምፅ አይደለም፤ ብቻውን ለመጣው ሰው በሩን በመክፈቱ ነው። የሉዊቪል ጉባኤና የኦካም ክርክር በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የተደረጉ ናቸው፤ አንዱ ማኅበር እንዴት እንደሚያጠብ፣ ሌላው እንዴት እንደሚያሰፋ ያስተምሩናል። እኛም በኮሌጃችን ማኅበር በምናቋቁምበት ወይም በምንገባበት ጊዜ ሁሉ ከደንቡ አስቀድመን በሩን ብንመለከት ይበጀናል እንላለን።