ቃል ግዴታ የሚሆነው መቼ ነው? የውል ሕግ ታሪክና ንጽጽር በአውሮፓ

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በሕዝባችን ዘንድ የተሰጠ ቃል ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ቃልን መጠበቅ የሥነ ምግባር ግዴታ መሆኑ አንድ ነገር ሲሆን፣ ቃሉን ያፈረሰውን ሰው ዳኛ ፊት አቅርቦ ማስገደድ መቻሉ ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ የውል ሕግ ታሪክም በመሠረቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ድንበሩ የት ላይ ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ የተደረገ የረጅም ዘመን ክርክር ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቱ የሮማ ሕግ ማናቸውንም ስምምነት አያስፈጽምም ነበር። አንደኛው ወገን «ቃል ትገባለህን?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው «ቃል እገባለሁ» ብሎ መመለሱ ግዴታን ከሚያቋቁሙት ዋና ሥርዓቶች አንዱ ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት የሕግ ሊቁ ጋይዮስ ውሎችን ዕቃ በማስረከብ፣ በቃል ሥርዓት፣ በጽሑፍና በፈቃድ ብቻ የሚመሠረቱ በማለት በአራት ከፈላቸው። በፈቃድ ብቻ የሚጸኑት ግን ሽያጭ፣ ኪራይ፣ ሽርክናና ውክልና ብቻ ነበሩ። ይህንም ትምህርት ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ በ533 ያሳወጀው የሕግ ስብስብ ለኋለኛው ትውልድ አስተላለፈ።

ከዚህ ጠባብ አከፋፈል መውጫውን የከፈተው የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። ቃልን ማፍረስ ኃጢአት በመሆኑ፣ በ1234 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ ያወጡት የድንጋጌ ስብስብ ምንም ዓይነት ሥርዓት ያልተፈጸመበት ስምምነት እንኳ እንዲከበር አዘዘ። ይህ ሐሳብ ቀስ በቀስ ወደ ዓለማዊው ሕግ ገባ። ፈረንሳዊው ፖቲዬ በ1761 ስለ ግዴታዎች ባሳተመው መጽሐፍ ያደራጀው ትምህርትም ለ1804ቱ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋና ምንጭ ሆነ። ይህም ሕግ ለውል መጽናት ፈቃድን፣ ችሎታን፣ የተወሰነ ጉዳይንና ሕጋዊ ምክንያትን ጠየቀ።

እንግሊዝ ግን በሌላ መንገድ ተጓዘች። በ1602 በስሌድ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ቃሉን ያልፈጸመን ሰው ለመክሰስ ሰፊ በር ከፈተ፤ ሆኖም ተስፋው በልዋጩ የተሰጠ ወይም ሊሰጥ የታሰበ ዋጋ ሊኖረው ይገባ ነበር። በ1896 ታውጆ በ1900 በሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሽያጩን ውል ከባለቤትነት መተላለፍ ለየ፤ በፈረንሳይ ንብረቱ በመርሕ ደረጃ በስምምነቱ ብቻ ሲተላለፍ፣ በጀርመን ራሱን የቻለ የማስተላለፍ ስምምነት ያስፈልጋል።

ልዩነቱና አንድነቱ በምሳሌ ይበልጥ ይገለጻል። አንድ ባለጸጋ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ በነጻ እሰጣለሁ ብሎ በቃል ተስፋ ሰጠ እንበል። በእንግሊዝ ልዋጭ ስለሌለውና በልዩ ሥርዓት የተዘጋጀ ሰነድ ስላልተደረገ፣ በፈረንሳይና በጀርመን ደግሞ በውል አዋዋይ ፊት ስላልተጻፈ፣ ኮሚቴው ባለጸጋውን ማስገደድ አይችልም። መንገዱ ሦስት፣ መድረሻው አንድ ነው። በአንጻሩ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለመሸጥ የ10 ቀን ጊዜ ከሰጠ በኋላ፣ ገዢው ሳይቀበል በ3ኛው ቀን ሐሳቡን ቢለውጥ፣ በጀርመን በሰጠው ቃል ይገደዳል፤ በእንግሊዝ ጊዜውን ለመጠበቅ ዋጋ ካልተቀበለ በነጻ ይመለሳል፤ በፈረንሳይ ከ2016 ማሻሻያ ወዲህ ውሉ ባይመሠረትም ኪሣራ ሊከፍል ይችላል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት በ1960፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም.፣ የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1678 ችሎታንና ፈቃድን፣ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ጉዳይን፣ ሕግ ሲያዝም ፎርምን ይጠይቃል፤ «ምክንያት» የሚለውን መመዘኛ ግን አልተቀበለም። ፈረንሳይ ራሷ ይህንኑ መመዘኛ ከሕጓ ያወጣችው ከ56 ዓመታት በኋላ፣ በ2016 ነው። ስለዚህ ከውጭ የተወሰደ ሕግ ሁሉ ግልባጭ ነው ማለት አይቻልም፤ መርጦ መውሰድም የሕግ አውጪ ሥራ ነው። መምህሩም አንቀጹን በቃል ከማስጠናቱ በፊት አንቀጹ የተጻፈው የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንደሆነ ቢያስረዳ፣ ተማሪው ሕጉን ከማስታወስ አልፎ ሊመዝነው ይችላል። ዕቅድ አውጪውም በቃል የተገባለትን ገንዘብ እንደ ገቢ ከመቁጠሩ በፊት፣ ያ ቃል በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና መጠየቅ ይገባዋል።