ፊደል በመንጠቆ የገባበት ዘመን

የኮምፒውተር ጨዋታን ውስጣዊ ኮድ የሚለውጡ «ሞድ» የተባሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ዋና መሣሪያቸው «ሁክ»፣ ማለትም መንጠቆ ነው፤ ጨዋታው ሜሞሪ ላይ ተጭኖ ሳለ የአንዱ ተግባር መነሻ ወደ ሞዱ ኮድ በሚያዘልል ትእዛዝ ይተካና፣ ሞዱ የራሱን ሥራ ፈጽሞ፣ ቦታው የተወሰደበትንም ትእዛዝ አስፈጽሞ፣ ጨዋታውን ወደ ቀድሞ መንገዱ ይመልሰዋል።

ይህ የመጥለፍ ጥበብ ለኢትዮጵያ ትልቁን ውለታ የዋለው በጽሕፈት ነው። ዊንዶውስ የግዕዝን ፊደል በማያውቅበት ዘመን «ፓወር ግዕዝ»ና «ቪዥዋል ግዕዝ»ን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች የቁልፉን ምት የጽሕፈት ፕሮግራሙ ወርድ ዘንድ ሳይደርስ ይጠልፉት ነበር፤ ጸሐፊው የኤልን ቁልፍ ሲነካ «ል»ን ያሳዩና፣ የዩ ቁልፍ ሲከተል ያንኑ አጥፍተው «ሉ»ን ይተኩበታል። አስቸጋሪው ግን ቦታ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጡ መለያ ቁጥሮች ሲኖሩት ከእነርሱም ከፊሉ ለመቆጣጠሪያ የተያዘ ነበር፤ 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 231 ሆነው፣ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ስለማይበቃቸው በበርካታ ፎንቶች ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ አምራችም ቁጥሩን በራሱ መንገድ በመደልደሉ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር።

በአሰላ ከተማና በመላው አርሲ ጉዳዩ ልዩ መልክ ነበረው። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል የተመሠረተውን ቁቤ በይፋ በመያዙ፣ የአፋን ኦሮሞ ሰነድ በማንኛውም ኮምፒውተር ያለ አንዳች ጠለፋ ሲጻፍ፣ በዚያው ከተማ አማርኛ የሚጽፍ ሰው መንጠቆውን መጫን ነበረበት።

መፍትሔው የመጣው የዓለምን ጽሕፈቶች በአንድ የቁጥር ሥርዓት የሚያሰፍረው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን ሲያካትት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ ስሙ የተወሰደው በአርሲና በባሌ ተራሮች ከሚኖረው የደጋ አጋዘን መሆኑ ለጭላሎና ለገለማ ተራሮች ልጆች ሊያኮራ የሚገባ ነው።

የመንጠቆው ዘመን ባለሙያዎች ፊደሉን ከኮምፒውተር ውጭ እንዳይቀር አድነውታል፤ በየአምራቹ ቁጥር የተቀመጡ የቆዩ ሰነዶች ግን ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ አሉና፣ እነዚያን ፎንቶች የሚያነብ ማሽን ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ሊገለበጡ ይገባል።